በበረንዳዬ ላይ ስለ በላኸው ሱፍ

ባሕር ዳር፣ ረቡዕ ነሐሴ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ዓምደ ሚካኤል፣

«በአንዳንድ ምሁራን ዘንድ የንዑስ ከበርቴ ልማድ ዛሬም ሥሩ አልተነቀለም። አንድ የቅየሳ ክፍል ባልደረባችን የዓመት ፈቃድ ወጥተው ሃያ ቀን ሙሉ ከሐይቁ ዳር በሚገኘው በረንዳቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ እግራቸውን ሰቅለው፣ አሳና እሸት እያስጠበሱ፣ ባለቤታቸውን እንደ ገረድ ከጓዳ በረንዳ እያመላለሱ ሲበሉ ከርመዋል። ሰፊው ሕዝብ ለታሪካዊው የፓርቲ ምሥረታ በሚረባረብበት ወቅት ይህን የመሰለ ሆዳምነት የሚያስጠይቅ ነው። ባለ በረንዳው የመንግሥት ቤትም ለማን እንደሚገባ ይታሰብበት። ጓድ ዓምዴ።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥሁት። ሰኞ ጠዋት ከፈቃድ ተመልሼ ቢሮ ስገባ ከግድግዳ ጋዜጣው ፊት ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ተበተኑ። ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳላስቀር ጻፍሁት። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ስለካ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የሌላ ሰው ስሕተት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ እለካዋለሁ።

እንግዲህ ለካሁት። ሃያ ቀን ብለሃል፤ ከነሐሴ አንድ እስከ ነሐሴ ሃያ፣ ልክ ነው። ጋቢ ብለሃል፤ ልክ ነው፣ ግን ጋቢው ሁለት ነበር። ሁለተኛውን ሚስቴ ወለላ ከሣጥን አውጥታ ያለበሰችው ለማን እንደሆነ አልጻፍህም። እግራቸውን ሰቅለው ብለሃል። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ እግሬን ሰቅዬ መቀመጥ አልችልም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስታውቀኝ ይህን ታውቃለህ። በረንዳው አጥር ላይ ተሰቅሎ የነበረው እግር ያንተ ነው። የግራ ካልሲህ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ወለላ አስወልቃ ጠቀመችልህ፤ በቡናማ ክር፣ ምክንያቱም ጥቁር ክር አልነበራትም። እግርህን ተመልከት፤ እስካሁን ቡናማ ነው።

ሆዳምነት የሚለውን ቃል ለጊዜው ልለፈው።

ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት የውይይት ክበባችን ጸሐፊ አንዳርጋቸው «ጋሽ አስናቀ፣ ዘንድሮ የት ነው? ሶደሬ ነው ላንጋኖ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አጠገቤ ነበርህ። «እቤቴ» አልሁት። «እቤት ደግሞ ምን አለ?» አለኝ። «ወንበር አለ» አልሁት። አንተ ሳቅህ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ በሰው ድንኳን፣ በሰው ጎጆ፣ በዝናብና በፀሐይ መሬት ስለካ ኖሬ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፦ በራሴ ወንበር ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ፣ ትኩስ ነገር መብላት።

አገኘሁትም። ጠዋት ጠዋት በባዶ እግሬ እርጥቡን ሣር ረግጬ ወደ ውኃው ዳር እወርድ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ያስጠጋና ሁለት ቀረሶ በሰንበሌጥ አንጠልጥሎ ይሰጠኛል። ወለላ ልጣ፣ ሰንጥቃ፣ ጨው ነስንሳ ትጠብስልኛለች። ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ሚጥሚጣውን በጣቴ ጫፍ ብቻ። አጥንቱን ስለቅም ሐይቁን አያለሁ። ክረምቱ ውኃውን አደፍርሶት ነበር፤ ከዝናብ በኋላ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ዳር ዳሩ ብር ይመስላል። ከዚያ ከዘንዘልማ የመጣ የበቆሎ እሸት፣ ከቃሪያ ጋር። ከዛፋችን የወደቀ ዘይቱን፣ ትሉን በቢላ ጫፍ አውጥቼ። ይኸው ነው ወንጀሌ። አልክደውም፤ ጣፍጦኛል። ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖሬ እንደነዚያ ቀናት አፌ የጣመበት ጊዜ አላስታውስም፤ አንዱ ምክንያትም፣ መናገሩ ቢቀፈኝም፣ አንተ አጠገቤ መኖርህ ነበር።

ማክሰኞ ነሐሴ አንድ ቀን ከሥራ መልስ በዝናብ መጣህ። ጫማህ ጭቃ ነበር፤ አውልቀህ ከደጃፍ ተውኸው።

«ምን ትበላለህ?» አልኸኝ።

«አሳ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ዛሬ ምን አለ?»

መንገዱን ግራና ቀኝ አየህና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ዛሬ እኮ ፍልሰታ ገባ» አልህ።

ወለላ ከጓዳ ሰምታ «ኧረ የመርጌታ ልጅ! እሱን ለማን ነው የምትነግረው? የእሱ ሆድ ባሕረ ሐሳብ አያውቅም» አለችህ። ከዚያ ወጥታ ፊትህን ስታየው ቀልዷን ተወች። «ምሳ በልተሃል?» አለችህ።

አልበላህም ነበር። ባለቤትህ የብርጓል፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች ወዲህ ከሁለት ጓዶች ጋር በአንድ ቤት ትኖራለህ፤ ምሳውም እራቱም በጋራ ነው፣ በየቀኑ ሥጋ ነው። ለፓርቲው አባልነት የታጨ ሰው ማርያምን ይጾማል ቢባል ምን እንደሚከተል እኔም አንተም እናውቃለን። «ጨጓራ አለብኝ ብዬ ሥጋውን ሸሸሁ» አልኸን። «አዘኑልኝና ለጨጓራ መድኃኒቱ ወተት ነው ብለው በትልቅ ብርጭቆ ወተት አመጡልኝ።»

«ጠጣኸው?» አለች ወለላ።

«ለድመቷ ሰጠኋት።»

«እሷስ ጓድ አይደለችም? እንዳትናገርብህ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ወለላ በሩን ይዛ ነበር የሳቀችው። ያን ምሽት ከራሷ የጾም ትሪ አቋድሳህ ሱፍ ፍትፍት በላህ። እሷም ጿሚ ናት፤ አሳን ጾም ነው የሚሉም አሉ፣ እሷ ግን አትነካውም። እኔ ለብቻዬ የአሳ ሳህኔን ይዤ፣ እናንተ በአንድ ትሪ። እንዲህ ሆነን አሥራ አምስት ቀን በላን።

በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ነገርኸኝ። አባትህ መርጌታ ፅጌ ማርያም ሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት ላይ ሊያርፉ ሲሉ እጅህን ይዘው «ልጄ፣ በል የሚሉህን ሁሉ በላቸው። ፍልሰታን ብቻ አትሻርብኝ» እንዳሉህ። ስትነግረኝ እያለቀስህ ነበር፤ እኔም ወደ ሐይቁ ዞርሁ። ሃይማኖተኛ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ሰው ሁሉን ለቅቆ አንዲት ነገር ብቻ ሲይዝ ሳይ አከብረዋለሁ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለንም እንዲሁ ነበርህ። በሁዳዴ የመመገቢያ አዳራሹን እንቁላል ለእኔ ትሰጠኝ ነበር፣ እኔ ዳቦዬን ለአንተ። ማንም አላወቀብን። ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚያ ጠረጴዛ ነው።

ወለላ ስልጆ የጣለችው ለአንተ ብላ ነው። እኔ ስልጆ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ሽታው ራሴን ያዞረዋል። ባቄላውን ፈጭታ፣ ሰናፍጩን ጨምራ፣ ሱፉን አጥልላ፣ እስኪኮመጥጥ ድረስ ቀን ቆጥራ ጠበቀችው። በዘጠነኛው ቀን ሲቀርብልህ ዓይንህን ጨፈንህ። «ወለላዬ፣ ይኼ የእናቴ ነው» አልሃት። ከዚያ ወዲያ በመጣህ ቁጥር ትሪው ሳይቀርብ «የስልጆው እንጥፍጣፊ የለም?» ትል ነበር። ደስታዋን አየሁት። ልጅ ያልወለደች ሴት ናት፤ ለሰው አንድ ነገር ጣፍጦት ማየት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

አሁን ወደ ነሐሴ አሥራ አራት ልምጣ። ሰኞ ነበር። ወለላ ስልጆውን ልታመጣ ጓዳ ገብታለች። አንዳርጋቸው ጃንጥላውን ይዞ በሐይቁ ዳር መንገድ ብቅ አለ፤ አየንም። አንተ ደነዘዝህ። እጅህ ሱፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ትሪውን ወደ እኔ የሳብሁት እኔ ነኝ፤ የአሳውን ሳህን ወደ አንተ የገፋሁትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ላስብበት ጊዜ አልነበረኝም፤ አስቤበት ቢሆንም ያንኑ አደርግ ነበር። ነበር እላለሁ፤ ዛሬ ግን እንጃ።

«አሃ! ጓድ ዓምዴ!» አለ አንዳርጋቸው ደረጃው ላይ እግሩን አንሥቶ። «ለካ ያ ጨጓራ አሳ ይወዳል!»

አንተ ከአሳው አንድ ትልቅ ቁራጭ አንሥተህ አፍህ ውስጥ ከተትህ።

«አሳ ለጨጓራ ጥሩ ነው» አልሁት በአንተ ፈንታ።

«እርስዎስ፣ ጋሽ አስናቀ? ምነው ሱፍ? መጾም ጀመሩ እንዴ?»

«ሚስቴን እፈራለሁ።»

«እኛ ንዑስ ከበርቴ ስንፈልግ ለካ እዚህ ጿሚም አለ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አልሄደም። ለምሥረታው በዓል ስለሚያስፈልገው ቀይ ጨርቅ ማውራት ጀመረ፤ ስንት ሜትር፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሰፋው። ሰዓቴን አይ ነበር። ስድስት ደቂቃ ቆመ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ አሳው አፍህ ውስጥ ነበር። አላኘክኸውም፣ አልዋጥኸውም። ጉንጭህ አብጦ፣ ዓይንህ እንባ ቋጥሮ፣ ራስህን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። «ጓድ ዓምዴ ዛሬ ዝም አለ፤ አሳው ጥሞታል» ብሎህ ሄደ።

ዘይቱኑ ሥር ሮጠህ ተፋኸው። ከአሸንዳው በሚወርደው የዝናብ ውኃ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥህ። ወለላ ወጥታ «ምን ሆነ?» ስትል «አጥንት ወጋው» አልኋት። ለሚስቴ እንኳ አልነገርሁም። አንተ ተመልሰህ ተቀመጥህና «አስናቀ፣ ይህን አልረሳውም» አልኸኝ።

በማግሥቱ ማክሰኞ መጣህ፤ በላህ፤ ግን ቶሎ ተነሥተህ ሄድህ። ረቡዕ የፍልሰታ ፍች ዕለት ወለላ አውራ ዶሮ አርዳ ሠራች። ፈረሰኛውን ለአንተ ለየችው፣ አንድ እንቁላልም አስቀመጠች፤ የኮሌጁን እንቁላል ታሪክ ከእኔ ሰምታ ስለነበረ እየሳቀች ነው ያስቀመጠችው። ጠበቅንህ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ጨለመ። ድስቱን ከደነችው። «ታሞ ይሆን?» አለች። ሐሙስ ቢሮህ ድረስ ሰው ብልክ «ስብሰባ ላይ ነው» አሉኝ። ፈረሰኛውን ዐርብ እኔ በላሁት፤ ላሙቀው ስትለኝ እንቢ ብያት፣ እንደቀዘቀዘ።

ስብሰባ ላይ አልነበርህም። ይህን ስትጽፍ ነበር።

እንዴት አወቅህ ትለኝ ይሆናል። ሰኞ ዕለት ጽሑፍህን ገልብጬ ስጨርስ አንዳርጋቸው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «አይቀየሙ ጋሽ አስናቀ» አለኝ። «እኔ ለቀልድ ያህል ማክሰኞ ጠዋት፦ ጓድ ዓምዴ፣ የንዑስ ከበርቴ አሳ ይጣፍጣል ወይ? ብለው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዐርብ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ያን ሁሉ ቀን የሄድሁት ላጠናው ነው ብሎናል።»

ላጠናው።

ይህን ቃል ለሦስት ቀን ስለካው ሰነበትሁ፤ የምለካበት መሣሪያ አጣሁለት። ፍርሃት ቢሆን ይገባኛል። ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ በየማታው በር በተንኳኳ ቁጥር አብረን ፈርተናል፤ የፈራ ሰው ወዳጁን ሲክድ አይቻለሁ፣ አዝኜለታለሁ እንጂ አልተጸየፍሁትም። «አሳውን የበላሁት ግድ ሆኖብኝ ነው» ብለህ ብትጽፍ፣ «አስናቀ ጠላት ነው» ብለህ እንኳ ብትጽፍ፣ የፈራ ሰው ጽሑፍ ነው ብዬ አጥፌ አስቀምጠው ነበር። አንተ ግን የጻፍኸው በምቾት ነው። የለበስኸውን ጋቢ፣ የሰቀልኸውን እግር፣ ያቀመሰችህን እጅ አንድ በአንድ ለቅመህ፣ አጥበህ፣ የእኔን ስም ለብሰው እንዲወጡ አደረግህ። «እንደ ገረድ» የሚለውን ስትጽፍ ምን ዓይነት ብዕር ያዝህ? ያ ነው ያቅለሸለሸኝ። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ በልቶ፣ ሲወጣ ገበታው ላይ እንደ መትፋት ነው። ዘይቱኑ ሥር ስትተፋ አላቀፈፈኝም ነበር፤ ይኼ ቀፈፈኝ።

ትናንት ወለላ ነገሩን ላስረሳው ብላ ቀረሶ ጠበሰችልኝ። ሎሚውን ጨመቅሁ። አንድ ጊዜ ጎረስሁ፤ መዋጥ አቃተኝ። አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ፤ አንተን መሰልሁ። ወርጄ ዘይቱኑ ሥር ተፋሁት። ቤቱን ትወስዱ እንደሆነ እንጃ፤ ይህን ግን ወስደህብኛል።

ሰኞ ነሐሴ 28 ቀን በስምንት ሰዓት በክበቡ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ ወረቀት ደርሶኛል። ቤቱም የዚያኑ ዕለት ይወሰናል። አንዳርጋቸው «ስለ በረንዳው የሚናገሩት ሌላ ነገር ካለ ያኔ ይናገሩ፤ ይረዳዎታል» አለኝ። አለ የምናገረው፦ «ጓድ ዓምዴ የመጣው እኔን ሊያጠና አይደለም፤ ፍልሰታን ሊጾም ነው።» ዘጠኝ ቃል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በዘጠኝ ቃል ቤቴ ይድናል፤ አንተ ደግሞ በምሥረታው ዋዜማ ከዝርዝሩ ትሰረዛለህ፣ መሰረዝ ብቻ ከሆነ። ሁለት ሌሊት ይህን ዓረፍተ ነገር ስለው አደርሁ።

አልናገረውም። ተረጋጋ። ግን ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። መርጌታ ልጃቸውን አንዲት ነገር ነው የለመኑት፤ ያቺን አንዲት ነገር በስብሰባ አዳራሽ፣ በአንዳርጋቸው ሳቅ መካከል አላወጣትም። የሚስቴንም ትሪ ለእንዲህ ያለ ነገር ምስክር አላደርገውም። ሰኞ ተነሥቼ «ብቻዬን በላሁ፤ ጣፈጠኝ» እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። ቤቱን ይውሰዱት። ወንበሩ የራሴ ነው።

እንግዲያ ለምን ጻፍሁልህ? በወለላ ምክንያት ነው። ጽሑፍህን ላነብላት አልፈለግሁም ነበር፤ ጎረቤት ቀድሞ ነገራትና አንብብልኝ ብላ ግድ አለችኝ። አነበብሁላት። ማሽላ ትለቅም ነበር፤ እጇ አልቆመም። «እንደ ገረድ ነው ያለኝ?» አለች። አዎን አልኋት። ትቆጣለች፣ ትራገማለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰፌዱን አስቀምጣ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

«ስልጆው አልጣፈጠውም ነበር እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህንኑ ግን ትናንትም ጠየቀችኝ፤ ዛሬ ጠዋትም። «ሲለምነኝ የነበረው ለይሉኝታ ይሆን?» ትላለች። እኔ ጣፍጦት ነበር ብላት አታምነኝም። ለማጽናናት የምላት ይመስላታል። ከአንተ አፍ የወጣውን ማመን የምትችለው ከአንተ እጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ ይህ ነው። የግድግዳውን ወረቀት እንድታነሣ አልጠይቅህም። ሰኞ እንድትከራከርልኝም አልጠይቅህም፤ ከፈለግህ ከፊት ወንበር ተቀመጥና አጨብጭብ። ግን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጅህ፣ ለወለላ ሁለት ቃል ጻፍ፦ «በላሁ፤ ጣፈጠኝ።» ጾም የሚል አይኑርበት፣ ቀን አይኑርበት፣ ማንም ቢያገኘው ምንም አያደርግህም። ከሥሩ ግን ስምህን ሙሉውን ጻፍ። «ጓድ ዓምዴ» የሚል ወረቀት በቤቴ አይገባም፤ አባትህ ያወጡልህን ስም ነው የምፈልገው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣችልህ ራሷ ወለላ ናት፤ ምን እንዳለበት አታውቅም፣ ማኅተሙን አትፈታም። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው። በር ላይ ቆማ ስትጠብቅህ ከቻልህ ፊቷን እያት፤ ካልቻልህም ጫማዋን እይና ግባ በላት።

መልሱን እስከ ቅዳሜ ነሐሴ 26 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። በሰው አፍ የሚላክ መልስ አልቀበልም፤ በጽሑፍ ይሁን። ባትጽፍም ሰኞ የምለው አይለወጥም፤ ያንን አስቀድሜ ነግሬሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ በሰዓቱ ካልመጣ፣ ለከርሞ ፍልሰታ ሲገባ፣ የትም ቤት እንሁን የት፣ ስልጆ እንዳትጥል እነግራታለሁ፤ ለማን ብላ ትጥላለች?

በረንዳው ላይ ነኝ፤ እስከ ሰኞ።

አስናቀ ደሞዝ